«ገባ» ብለን ስንጽፍ ለምን «ግባ» ይሆናል?

(ይህ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ለቢሮ ጸሐፊዎችና ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። በመጨረሻ የተጠየቁትን ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚበዛበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ዘግታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እጄ ላይ ያለችውን ዕቃ ከኋላ የተቀመጣችሁ ላታዩአት ትችላላችሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ሪሲቨር የሚላት አለ። ዶንግል የሚላት አለ። «የማውሷ ፍላሽ» የሚሏት ደንበኞችም አሉኝ። ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሷ ነው። የእሷን ጠባይ ባለማወቅ ብዙ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን። በሠፈራችን ጽሕፈት ቤት ያላቸው አንዲት እናት ኪቦርድ በፌስታል ይዘው ሱቄ መጡ። እትዬ ነው የምላቸው። ቁጭ እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው» አሉኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ገመድ አልባ ኪቦርድ ከነማውሱ ገዝተዋል። ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርገዋል። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሩንም አስቀይረዋል። ችግሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ምን እያደረገ ነው?» ስላቸው አንድ ወረቀት አወጡ። አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ የሞላው ገጽ ነው። «ተማሪው ወደ ክፍል ገባ» የሚለው «ተማሪው ወደ ክፍል ግባ» ሆኗል። «መምህሩ ስሙን ጠራ» የነበረው «መምህሩ ስሙን ጥራ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «ነውውውውው»። የደንበኛው ልጅ መመረቂያ በዚህ ምክንያት ተመልሶበታል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጄ ከዳኝ መሰለኝ፣ ዕድሜም ነው» አሉ። በታይፕራይተር የጀመሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ነው የሚጽፉት። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ባለሙያ በዕቃ ምክንያት የገዛ እጁን ሲጠራጠር ማየት ያማል።

ኪቦርዱን ሱቄ አስቀርቼ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩበት። አንድ ፊደል አልሳተም። «ደህና ነው» ብዬ መለስኩላቸው። በማግስቱ ደወሉ፤ ያው ነው። ያኔ ነው ችግሩ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ እንዳለ የገባኝ። ተነሥቼ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ሥር አጎነበስኩ። ሲፒዩው ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። የጠረጴዛው እግርም ጎንም ብረት ነው። ሪሲቨሯ ከሲፒዩው ጀርባ ሰማያዊው የዩኤስቢ መሰኪያ ላይ ተሰክታለች። ከእሷ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ አለ። የቆዩ የደንበኛ ጽሑፎች ያሉበት ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ አይነቀልም። ነቀልኩትና «እስቲ ይጻፉ» አልኳቸው። ገባ። ጠራ። ነው። ሁሉም ልክ። መልሼ ሰካሁትና አንድ ትልቅ ፎልደር ኮፒ ማድረግ አስጀመርኩት። ግባ። ጥራ። ነውውውው። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አሁን ምን እንደተፈጠረ እንይ።

ይቺ ሪሲቨር ሬዲዮ ናት። በአሁኑ ጊዜ የምንገዛቸው አብዛኞቹ ገመድ አልባ ኪቦርዶችና ማውሶች የሚያወሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ነው። ይህ መስመር ለብዙ መሣሪያዎች ክፍት ነው። ዋይፋይ አለበት። ብሉቱዝ አለበት። የካፌው ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀውም በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው። እነዚህን ሰው ሲጠረጥር እሰማለሁ። ማንም የማይጠረጥረው ግን ዩኤስቢ 3 ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ፈጣኑ መሰኪያ። ዩኤስቢ 3.0 እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ደረጃ ሲሆን በሴኮንድ እስከ 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። በዚያ ፍጥነት ሲሠራ ከመሰኪያው፣ ከኬብሉና ከሀርድ ዲስኩ የሬዲዮ ጫጫታ ያመልጣል። ጫጫታው የሚያርፈው ደግሞ ልክ የእኛ ማውስ የሚያወራበት ሞገድ ላይ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቴክኒክ ጽሑፍ ይህን ለክቶ አሳይቷል። ጫጫታው ወደ 20 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። ይህ በኃይል ሲሰላ 100 እጥፍ ነው።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ዓሣ የገዛ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ሻጩ ዋጋ ይነግርሃል፤ አንተ አትሰማም። የእሱ ጉሮሮ ደህና ነው። ያንተም ጆሮ ደህና ነው። በመሃል ያለው ጩኸት ነው ችግሩ። ጠጋ ትላለህ ወይ ሻጩን ወደ ዳር ትስበዋለህ። ኪቦርድ መቀየር ማለት ግን ሻጩን ትቶ እዚያው ጩኸት መሃል ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው። ፎርማት ማድረግ ደግሞ የራስን ጆሮ ማሳከም ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ነገሩን ከእንግሊዝኛው ለየት ያደርገዋል። ይህን ነጥብ በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ለጸሐፊዎች ዋናው እሱ ነው።

በእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው። መልእክቱ አየር ላይ ከጠፋ ፊደሉ ይጎድላል። ቃሉ ይሰበራል፣ ኮምፒውተሩ ከሥሩ በቀይ ያሰምርበታል፣ እናስተካክላለን። በአማርኛ ግን የፊደሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየመታን በምንጽፍበት አጻጻፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። «ግ» ለማምጣት የጂ (g) ቁልፍ እንመታለን። ከዚያ ኢ (e) ስንጨምርበት «ገ» ይሆናል። ያቺ ኢ መንገድ ላይ ከጠፋች ቃሉ አይጎድልም። ግዕዙ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። ገባ ግባ ይሆናል። ሰማ ስማ ይሆናል። በላ ብላ ይሆናል። ሁሉም ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ነው። የፊደል ማረሚያ ቢኖራችሁም አይዘውም። ዓይንም ያልፈዋል። ሰውም ጥፋቱን ወይ የአማርኛ ሶፍትዌሩ ላይ ይለጥፋል ወይ የጸሐፊዋ እጅ ላይ።

የ«ነውውውው»ም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። ኪቦርድ ሁለት ነገር ይናገራል። ቁልፉ ተጫነ ይላል፤ ቁልፉ ተለቀቀ ይላል። «ተለቀቀ» የሚለው ሳይደርስ ሲቀር ኮምፒውተሩ ጣታችሁ አሁንም እዚያው ያለ ይመስለዋል። እሱም መጻፉን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሳድስ በዝቶ ካያችሁ፣ ወይም አንድ ፊደል ሲደረደር ካያችሁ፣ ሶፍትዌር አትቀይሩ። መጀመሪያ ሪሲቨሯ የት እንደተሰካች እዩ።

(እዚህ ላይ በፕሮጀክተሩ አንድ ነገር አሳየሁ። ፔይንት ከፍቼ በማውስ ክብ ሣልኩ። ክቡ ለስላሳ ነው። ከዚያ ሪሲቨሯ አጠገብ ሀርድ ዲስክ ሰክቼ፣ ኮፒ እያደረገ እያለ በዚያው እጅ፣ በዚያው ፍጥነት ደግሜ ሣልኩ። ክቡ ማዕዘን አወጣ፤ እንደ ተቆራረሰ ዳቦ ጠርዝ።)

ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የተለመደው የቢሮ ማውስ ወዴትና ምን ያህል እንደሄደ በሴኮንድ እስከ 125 ጊዜ ይናገራል። ሁሉም ሲደርስ መስመሩ ይጎብጣል። በመሃል የተወሰነው ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ካለፈው ነጥብ እስከሚቀጥለው በቀጥታ ያሰምራል። ማዕዘኑ የሚመጣው ከዚያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ሜትር የምትሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ኬብል ግዙ። ሪሲቨሯን ጫፏ ላይ ሰክታችሁ ከሲፒዩው ጀርባ አውጧትና ጠረጴዛው ላይ፣ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጧት። ወድቃ እንዳትጠፋ በፕላስተር ለጥፏት። ማራዘሚያ እስክታገኙ ድረስ ደግሞ ከሲፒዩው ፊት ለፊት ባለው መሰኪያ ሰክታችሁ ሀርድ ዲስኩን ወደ ጀርባ ውሰዱት። ላፕቶፕ ከሆነ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ሰማያዊው መሰኪያ ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጫጫታው የሚመጣው አጠገቡ ፈጣን ዕቃ ተሰክቶ ሲሠራ ነው። ብረትም ሞገድ ስለሚከልል የብረት ጠረጴዛ ሥር ያለ ሲፒዩ ጀርባ ለሪሲቨር ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። ካርቶኑ ላይ 10 ሜትር ይሠራል ተብሎ የተጻፈው በመሃል ምንም ሳይኖር ነው።

አሁን ደግሞ ጭራሽ አልሠራም ስላለ ማውስ ወይም ኪቦርድ።

ከባትሪ ድንጋዩ ጀምሩ። ይህን ስል «ታውቀዋለህ እንዴ፣ ትናንት ነው የቀየርኩት» የሚሉኝ አሉ። ከየት አምጥታችሁ? ከሪሞት አውጥታችሁ ከሆነ አልቀየራችሁም። አሮጌና አዲስም አታደባልቁ። ላዩ ላይ አልካላይን የሚል ካለ እሱን ምረጡ፤ ርካሹ ካርቦን ዚንክ ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎም ያፈሳል። ክዳኑን ስትከፍቱ ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ከሥር ያለችው ማብሪያና ማጥፊያም ቦርሳ ውስጥ ተነክታ ጠፍታ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠውን ሙከራ አድርጉ። ማውሱንም ሪሲቨሯንም አንድ ላይ ይዛችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። እዚያ ከሠራ ማውሱ ጤነኛ ነው፣ አትግዙ። እዚያም ካልሠራ ኮምፒውተራችሁን ፎርማት አታስደርጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እትዬ ይህን የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለቱን ኪቦርድ አይገዙም ነበር።

ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ የራሳችሁ ላይ እምቢ ካለ መሰኪያ ቀይሩ። በሀብ (አንዱን መሰኪያ ብዙ በሚያደርገው ማከፋፈያ) በኩል ከሆነ ሀብን አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የጀመረ ችግር ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ማብሪያውን 20 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩ። ሐዋሳ ውስጥ ክረምት ሲገባ በዚህ ብቻ የሚፈታ ብዙ ያጋጥመኛል።

አንድ የተለየ ምልክት አለ። ለቡና ወጥታችሁ ስትመለሱ ማውሱ ሞቶ ታገኙታላችሁ። ሪሲቨሯን ነቅላችሁ ስትሰኳት ይነሣል። ይህ የአየርም የድንጋይም ችግር አይደለም። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ መሰኪያውን አስተኝቶት ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ ኤም። ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል። ከታች ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ በሚለው ሥር ዩኤስቢ ሩት ሀብ አለ። እሱን ክፈቱና ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ። ሩት ሀብ ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም እንዲሁ አድርጉ።

ለዚህ ሁሉ ግን የሚሠራ ኪቦርድ ወይም ማውስ ያስፈልጋል። ገመድ ያለው አሮጌ ማውስና ኪቦርድ አትጣሉ፤ መሳቢያ ውስጥ ይኑር። ማውሱ እየሠራ ኪቦርዱ ብቻ ቢሞት፣ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ገጽ ላይ ከታች በቀኝ በኩል የተደራሽነት ምልክት አለች። እሷን ጠቅ ስታደርጉ ስክሪን ላይ የሚወጣ ኪቦርድ ታገኛላችሁ። የይለፍ ቃሉን በማውስ ጻፉ።

ስለ መጥፋቷም ልናገር። ሪሲቨርና ማውስ ከፋብሪካ ሲወጡ ተዋውቀው ነው የሚወጡት። የአንዱን ለሌላው ብትሰኩት፣ መልኩ ቁርጥ እሱን ቢመስልም፣ አያውቀውም። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኒፋይንግ የሚባል ሪሲቨር አወጣ። ብርቱካናማ የኮከብ ምልክት አለበት፤ አንዱ እስከ ስድስት ዕቃ ያገናኛል። ያው ምልክት ያለው ማውስ ሪሲቨሩ ቢጠፋበት በሌላ ዩኒፋይንግ ማስተዋወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ቦልት የሚባለው ግን ከእሱ ጋር አይግባባም። ርካሾቹ ማውሶች ላይ ደግሞ ሪሲቨሯ ጠፋች ማለት አብዛኛውን ጊዜ ማውሱም ጠፋ ማለት ነው። ያገለገለ ስትገዙ የማውሱን ሆድና የባትሪ ክዳኑን ውስጥ እዩ፤ ሪሲቨሯ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ባዶ ከሆነ «በኋላ አመጣልሃለሁ» በሚል ቃል አትክፈሉ። ኮምፒውተር ስትሸጡ ወይም ለጥገና ስትሰጡም መጀመሪያ ሪሲቨሯን ንቀሉ። ሱቄ ውስጥ ባለቤት አልባ ሪሲቨር የሞላ የሻይ ጣሳ አለ። ማውሶቻቸው የሆነ ቤት ተጥለው ይሆናል።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(አንድ መምህር ብሉቱዝ ማውስ ይህ ችግር እንዳለበት ጠየቁ።) አዎ ጋሼ፣ እሱም በ2.4 ላይ ስለሆነ ጫጫታው ይነካዋል። ሪሲቨር ስለሌለው የሚጠፋ ነገር የለውም፤ ያ ጥሩ ነው። ግን ብሉቱዝ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ተነሥቶ ካልጨረሰ አይሠራም። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ መግባት ሲያስፈልግ ያስቸግራችኋል። በሪሲቨር የሚሠራው ግን ለኮምፒውተሩ እንደ ተራ ዩኤስቢ ኪቦርድ ስለሚታየው ከመጀመሪያው ይሠራል።

(አንዲት የቢሮ ጸሐፊ የምትጽፈውን ሌላ ሰው ከውጭ ሊያነብባት ይችል እንደሆነ ጠየቀች።) እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደህንነት ድርጅት ሁለት ነገር ይፋ አድርጓል። አንደኛ፣ የበርካታ ታዋቂ ድርጅቶች ሪሲቨሮች ከማያውቁት መሣሪያ የሚመጣ የውሸት ቁልፍ ይቀበሉ ነበር። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች የሚላከውን ፊደል ጨርሶ አያመሰጥሩም ነበር። ስለዚህ የደመወዝ ወይም የባንክ ሥራ የምትሠሪ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ኤኢኤስ 128 (AES 128) ምስጠራ የሚል ያለበትን ግዢ። ካላገኘሽ ለዚያ ሥራ ገመድ ያለው ኪቦርድ ተጠቀሚ። እኔ ራሴ የደንበኛ ሒሳብ የምሠራው በገመድ ነው።

(የመጨረሻው ጥያቄ የእትዬ ቀሪዎቹ ኪቦርዶች ምን እንደሆኑ ነበር።) ሦስቱም ደህና ነበሩ። አንዱን አሁንም ይጽፉበታል። ሪሲቨሯ በማራዘሚያ ወጥታ ከስቴፕለሩ አጠገብ ተለጥፋለች። ዛሬ ክቡን የሣልኩበት ማውስ ከመጀመሪያው ኪቦርድ ጋር የተገዛው ነው፤ እሳቸው ናቸው ያዋሱኝ። የሁለተኛው ግን ሪሲቨሯ አልተገኘችም። ለሁለተኛ ጊዜ ፎርማት ሲደረግ ሲፒዩው ላይ ተሰክታ ሄዳ ሳትመለስ ቀርታለች። ሱቄ ያለውን ጣሳ ሙሉ አንድ በአንድ እየሰካን ሞከርን። ኪቦርዱ አልመለሰም።